ከሩዝ ማሳ የሚወጣው አየር

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሩዝ ማሳ ነው። ስለ ዘሩ ወይም ስለ አረሙ አይደለም። ማሳው ስለሚተነፍሰው አየር ነው።

«ማሳ ደግሞ ይተነፍሳል ወይ?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ ይተነፍሳል። ውሃ ተኝቶበት የከረመ የሩዝ ማሳ ውስጥ ስትገቡ፣ እግራችሁ ጭቃውን በረገጠ ቁጥር አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ያ አረፋ ከየት መጣ? ዓለም እየሞቀች ስትሄድስ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

በአገራችን ሩዝ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ፎገራ ነው። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለ ሜዳ ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ይተኙበታል። ዱሮ ሜዳው በከብቱ ነበር የሚታወቀው። ሩዝ የገባው ከአርባ ዓመት በፊት ነው፤ ያስለመዱትም ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ዛሬ የፎገራ እናቶች የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግራሉ። እንግዲህ ነገሩ ከራሳችን ሞሰብ የራቀ አይደለም።

አሁን አንድ ቃል እንማር፤ ካርቦን። ከሰል ታውቃላችሁ። ከሰል ማለት አብዛኛው ካርቦን ነው። በእንጨት፣ በሣር፣ በእህል፣ በእኛም ሰውነት ውስጥ ካርቦን አለ። ሩዙ ካርቦኑን የሚያገኘው ከአፈር እንዳይመስላችሁ። ከአየር ነው። እኛ ወደ ውጭ የምንተነፍሰው፣ እሳትም የሚያወጣው አየር አለ አይደለም? በተለምዶ የተቃጠለ አየር እንለዋለን። የሳይንስ ስሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሩዙ ቅጠል በፀሐይ ጉልበት ይህን አየር ይስብና አገዳ፣ ሥርና ፍሬ ያደርገዋል።

ፍሬው ወደ ቤት ይገባል። ገለባው ለከብት ይሆናል። ሥሩና ከማጭድ የተረፈው አገዳ ግን ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ደግሞም ሩዙ በሕይወት ሳለ ሥሩ እንደ ላብ ጣፋጭ ፈሳሽ ወደ ጭቃው ያንጠባጥባል። ይህን ሁሉ የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ነፍሳት በአፈር ውስጥ አሉ። ቁጥራቸው ስፍር የለውም።

ነገሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በጤፍ ማሳ ውስጥ አፈሩ ንፁህ አየር ያገኛል። ደቂቅ ነፍሳቱ የበሉትን ካርቦን መልሰው የተቃጠለ አየር አድርገው ያወጡታል። ከአየር የመጣው ወደ አየር ተመለሰ ማለት ነው። በሩዝ ማሳ ግን ውሃው እንደ ክዳን ነው። አየር ወደ ጭቃው አይገባም። ያን ጊዜ ያለ አየር መኖር የሚችሉ ሌሎች ደቂቅ ነፍሳት ሥራውን ይረከባሉ። እነዚህ ካርቦኑን የሚመልሱት ሌላ ዓይነት አየር አድርገው ነው። ስሙ ሜቴን ይባላል። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት፦ ሜ ቴ ን።

ሜቴን የሚነድ አየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1776 አሌሳንድሮ ቮልታ የተባለው የጣሊያን ሊቅ በማጆሬ ሐይቅ ዳር ረግረጉን እየቆሰቆሰ አረፋውን ሰበሰበ። እሳት ቢያስጠጋው ነደደ። ባዮጋዝ የሚባለውን የእበት ጉድጓድ ያያችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ወጥ የሚያበስለው ሜቴን ነው። ላምም ስታመሰኳ የምታገሳው ይኸንኑ ነው።

አብዛኛው ሜቴን ከማሳው የሚወጣው ግን በአረፋ አይደለም። የሩዝ አገዳ ውስጡ ክፍተት አለው። ሩዙ በዚህ ክፍተት አየር ወደ ሥሩ ያወርዳል፤ በጭቃ ውስጥ ታፍኖ የማይሞተውም ለዚህ ነው። በዚያው መንገድ ሜቴኑ ወደ ላይ ይወጣል። ከመቶ እስከ 90 እጁ በአገዳው በኩል የሚወጣበት ጊዜ አለ። አገዳው እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው።

ታዲያ ቢወጣ ምን ይጎዳል? የተቃጠለ አየርና ሜቴን ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍኗታል። ፀሐይ ያሞቀችው ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ይይዛሉ። ሜቴን ወፍራም ጋቢ ነው። በ100 ዓመት ሂሳብ አንድ ኪሎ ሜቴን ከአንድ ኪሎ የተቃጠለ አየር 27 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ደግነቱ ዕድሜው አጭር ነው፤ በ12 ዓመት ገደማ አብዛኛው ከአየር ይጠፋል።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንምጣ። እናቶች ይህን ከሊቃውንት ይልቅ ያውቁታል። በቆላ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። በደጋ ግን ይዘገያል። እርሾው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሙቀቱ ሥራውን ያፋጥነዋል። የጭቃው ደቂቅ ነፍሳትም እንዲሁ ናቸው። ጭቃው ሲሞቅ ፈጥነው ይበላሉ፤ ፈጥነውም ሜቴን ያወጣሉ። ሜቴንን የሚበሉ ሌሎች ደቂቅ ነፍሳት በሥሩ ዙሪያና በጭቃው ገጽ ላይ አሉ፤ ሙቀት እነሱንም ያበረታል። ግን ብዙውን ጊዜ አምራቾቹ ይቀድሟቸዋል። ስለዚህ ዓለም ሲሞቅ ማሳው ሜቴን ይጨምራል፤ ሜቴኑ ደግሞ ዓለምን ያሞቃል። እንደ አራጣ ብድር ነው፤ ወለዱ ሌላ ወለድ ይወልዳል።

ይህን ስንል ጥፋቱን በገበሬው ላይ መጫናችን አይደለም። ሰው በሥራው ከሚያወጣው ሜቴን የሩዝ ማሳ ድርሻ ከመቶ 8 ገደማ ነው። ያም ቢሆን አብዛኛው የእስያ ማሳ ነው። ትልቁን ጋቢ የሸመነው ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ የሚያነደው እጅ ነው። የፎገራ ገበሬ አልሸመነውም።

ሙቀቱ ጎተራውንም ይነካል። በፊሊፒንስ አገር፣ ሎስ ባኞስ በሚባል ቦታ፣ ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም አለ። ከእ.ኤ.አ. 1992 እስከ 2003 የለካው እንደሚያሳየው፣ በበጋ ወራት የሌሊቱ ሙቀት አንድ ዲግሪ በጨመረ ጊዜ ምርቱ ከመቶ 10 ያህል ይቀንሳል። አንዱ ምክንያት ሩዙም ሌሊት ስለሚተነፍስ ነው ይባላል። ቀን የሰበሰበውን ካርቦን በሞቃት ሌሊት ያቃጥለዋል፤ ለፍሬው የሚተርፈው ያንሳል። ፎገራ ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ እስካሁን ሩዙን በአበባው ጊዜ ሲጎዳ የኖረው የሌሊት ብርድ ነው። ስለዚህ የሎስ ባኞስን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ፎገራ ላይ መለጠፍ ትክክል አይሆንም።

ገበሬው ምን ማድረግ ይችላል? ውሃው ክዳን ነው ብለናል። ክዳኑን አልፎ አልፎ መክፈት ነው። በእስያ የሚሠራበት ዘዴ እንዲህ ነው። ጎኑ በብዙ ቦታ የተበሳ ቧንቧ፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ግማሹ ማሳው ውስጥ ይቀበራል። በውስጡ ያለው አፈር ይጠረጋል። ውሃው ከመሬቱ ገጽ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል በቧንቧው ውስጥ እያዩ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ እንደገና ያጠጣሉ። እስከዚህ ድረስ ሥሩ ውሃ አያጣም። አየር ወደ ጭቃው ስለሚገባ ሜቴን የሚሠሩት ይዳከማሉ። ብዙ ጊዜ ሜቴኑ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ውሃም ይተርፋል። በአበባ ጊዜ ግን ማሳው መድረቅ የለበትም፤ ፍሬው ይመክናል።

ዘዴው ጣጣም አለው። ውሃው ሲጎድል አረም ይበዛል። ዩሪያ የበዛበት ማሳ ሲርስና ሲደርቅ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ሌላ አሞቂ አየር ያወጣል። ስለዚህ ማዳበሪያውን በአንዴ ከማፍሰስ ለሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል።

ደግሞም ይህ ምክር መስኖ ላለው ነው። ዝናብ ብቻ የሚጠብቅ ገበሬ ውሃውን አፍስሶ ዝናቡ ቢቀርበት ማን ይመልስለታል? እንዲህ ያለው ገበሬ ከውሃው ይልቅ ገለባውን ይጠብቅ። ትኩስ ገለባ ማሳው በውሃ ሊሞላ ሲል ከተገለበጠ ለሜቴን ሠሪዎቹ ድግስ ነው። ሩዙ ታጭዶ፣ በቀረው እርጥበት የተዘራው ጓያ ወይም ሽምብራ ከተነሳ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይመጣ ገና በደረቁ ቢገለበጥ ግን አየር እያገኘ ይበሰብሳል። ወይም በጉድጓድ ኮምፖስት ይሁን። ለከብት የሚሰጠውም ይሰጥ፤ ላሟ ብታገሳም ወተቷ ለልጆች ነው።