የበዓል ጉዞ በዳገትና በቁልቁለት፦ ከመነሣታችን በፊት ምን እናዘጋጅ?

መስከረም ሲጠባ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች እንግዳ ይበዛባቸዋል። ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን በመስቀል ሰሞን ያከብራሉና ከአዲስ አበባ፣ ከሀዋሳ፣ ከደቡብ አፍሪካም ሳይቀር ልጆቻቸው ወደ ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሾኔ፣ አንጋጫና ዶዮገና ይጎርፋሉ። በዓሉን ካሳለፉ በኋላ ደግሞ ቤተሰብ ጭነው አገር ለማየት የሚወጡ አሉ። አንዱ ወደ ወላይታና አርባ ምንጭ፣ ሌላው ወደ ባሌ ተራሮች፣ ጊዜ ያለው ደግሞ በዓባይ በረሃ አድርጎ እስከ ሊማሊሞ ይዘልቃል።

በአውሮፓ የተራራ መንገዶችን ለመንዳት ብቻ የዓመት ዕረፍታቸውን የሚወስዱ ሰዎች አሉ። በጣሊያን የሚገኘው ዝነኛው የስቴልቪዮ መተላለፊያ ከፍታው 2ሺህ 757 ሜትር ሲሆን፣ በአንደኛው ወገኑ ብቻ 48 ጥምዝምዞች አሉት። በረዶ በሚጥልባቸው ወራት ስለሚዘጋ ተጓዦቹ የሚሄዱበትን ወር፣ የሚያድሩበትን ቦታና በቀን የሚነዱትን ርቀት ቀደም ብለው ይወስናሉ። በእኛ አገር ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ከ3ሺህ ሜትር በላይ ነው። ደባርቅ ከተማም ብትሆን ከስቴልቪዮ ትበልጣለች። ለእነርሱ ልዩ ጉዞ የሆነው ከፍታ ለእኛ የዘወትር መንገድ ነው። ታዲያ ስለለመድነው ብቻ ያለ ዝግጅት እንነሣለን።

አብዛኞቻችን ጉዞ የምናቅደው «ስንት ሰዓት እንደርሳለን?» ብለን ነው። ከጤና አንጻር ግን መቅደም ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ሾፌሩ ስንት ሰዓት ተኝቷል? ከተሳፋሪዎቹ መካከል አቅሙ ደካማ የሆነው ማን ነው? የመነሻው ሰዓት፣ የዕረፍቱ ቦታና የቀኑ ርቀት በእነዚህ ምላሾች መወሰን አለባቸው።

የሾፌሩ እንቅልፍ

የሰው አካል በተፈጥሮው ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት፣ እንዲሁም ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደክማል። «ሌሊት መንገዱ ባዶ ነው» ብሎ በ9 ሰዓት መነሣት እንግዲህ አንጎል ተኝቶ ማረፍ በሚፈልግበት ሰዓት መሪ መጨበጥ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ያልተኛ ሰው ደግሞ አልኮል እንደጠጣ ሰው ምላሹ ይዘገያል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ መኪና በሦስት ሴኮንድ 50 ሜትር ትሄዳለች። ዓይን ለሦስት ሴኮንድ ቢከደን በሜዳ ላይ ዕድል ሊኖር ይችላል፤ ገደል አፋፍ ባለ ጥምዝምዝ ላይ ግን አይኖርም።

ስለዚህ ሾፌሩ ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት ቢያንስ ሰባት ሰዓት ይተኛ፤ በየሁለት ሰዓቱም ለ15 ደቂቃ ያህል ይቁም። እንቅልፍ ከተጫነው መስኮት መክፈትም ሆነ ሬዲዮ ማስጮህ አያድነውም። ቡና ጠጥቶ መኪናው ውስጥ 20 ደቂቃ ማሸለብ የተሻለ ይረዳል፤ ቡናው ሥራውን የሚጀምረው ከእንቅልፉ ሲነቃ ነውና። ጫት ስሜቱን ይሸፍናል እንጂ ድካሙን አያጠፋም፤ ኃይሉ ሲያልቅ ድካሙ ብሶ ይመለሳል። ሌሊቱን ጠጅ ወይም አረቄ ሲጠጣ ያመሸ ሰው ጠዋትም በደሙ ውስጥ አልኮል ሊኖር ይችላል። ጉበት በራሱ ፍጥነት ነው የሚሠራው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ አያፋጥነውም።

በቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ በፍሪ መውረድም መተው ያለበት ልማድ ነው። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ኃይል ተይዞ መውረድ ይገባል።

መኪና ለሚያሳምማቸው

በጥምዝምዝ መንገድ ላይ የውስጠኛው ጆሯችን መንቀሳቀሳችንን ለአንጎል ይነግራል። ስልክ ላይ ወይም ከፊታችን ባለው ወንበር ላይ ያረፈው ዓይናችን ግን «ቆመናል» ይላል። ማቅለሽለሹና ማስመለሱ የሚመጣው ከዚህ አለመግባባት ነው። ከሁለት እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ይበልጥ ይቸገራሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሚያመው አዋቂ ከፊት ይቀመጥ፤ ስልኩን አስቀምጦ ራቅ ያለውን መንገድ ወይም ተራራ ይመልከት። በባዶ ሆድ መጓዝ አይመከርም፤ እንደ አታካና ያለ ቅቤ የጠገበ ምግብ በልቶ ወዲያው መሳፈርም እንዲሁ። ቀለል ያለ ቁርስ ይበቃል። የማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒን የሚሠራው ከመነሣት በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲወሰድ ነው። ብዙዎቹ ክኒኖች እንቅልፍ ስለሚያመጡ ሾፌር ሊወስዳቸው አይገባም። ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ ያለ ባለሙያ ምክር አይሰጡ።

በመኪናችን ውስጥ ሁልጊዜ ጠብ የሚያስነሣው የመስኮት ጉዳይም እዚህ ላይ ይነሣ። «ነፋስ ይመታኛል» ብሎ መስኮት ማዘጋት ልማዳችን ነው። ንጹሕ አየር በሽታ አያመጣም። በተዘጋ መኪና ውስጥ ግን ማቅለሽለሹ ይብሳል፤ ጉንፋንና የሳንባ ነቀርሳም በቀላሉ ይተላለፋሉ። ትንሽ ከፈት ማድረግ ለሁሉም ይበጃል።

ስንወጣና ስንወርድ የሚደፈነው ጆሮ በማዛጋት፣ ምራቅ በመዋጥ ወይም ማስቲካ በማላመጥ ይከፈታል። ለሕፃን ጡት መስጠት ነው፤ ለዚህ ግን መኪናው ይቁም።

ዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ

በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች «መንገድ ላይ ሽንት ያስቸግረኛል» በሚል የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሲዘልሉ፣ ውሃም ሳይጠጡ ሲውሉ እናያለን። ሁለቱም አደገኛ ናቸው። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ከሆነ የሚወሰድበትን ሰዓት ማሸጋገር ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። ሾፌሩም ሳያጉረመርም ይቁምላቸው። ከአራት ሰዓት በላይ እግር አጣጥፎ መቀመጥ በባት ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ወርዶ መራመዱ ለሁሉም ያስፈልጋል። ከጉዞ በኋላ አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ በአስቸኳይ መታየት ይገባል።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ፀሐይ የሚያርፍበት ዳሽቦርድ ላይ አያስቀምጥ። ከረሜላ ወይም ስኳር ከእጁ አይለይ፤ የምግብ ሰዓቱንም አያሳልፍ። የሚነዳው ራሱ ከሆነ ከመነሣቱ በፊትና በየሁለት ሰዓቱ ስኳሩን ይለካ። ማንኛውም መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ከመኪናው ጣራ ላይ የተጫነ ሻንጣ ሲያስፈልግ አይገኝም።

ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከደጋ ወደ ውርጭ

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአገራችን ከ2ሺህ ሜትር በታች ያሉ አካባቢዎች በአብዛኛው የወባ ስጋት አለባቸው፤ ወባ በዋናነት የሚስፋፋው ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህም በዓሉን ተከትለን የምንጓዝበት ወቅት ነው። ወደ ብላቴ ወይም ወደ ኦሞ ሸለቆ፣ ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ፤ ከምሽት ጀምሮ እጅና እግሩን ይሸፍን። በደጋ ያደጉ ልጆች ለወባ የመከላከል አቅም ስለሌላቸው በፍጥነት ይጠናባቸዋል።

ከተመለሱ ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ቢመጣ «ምች ነው» ወይም «የመንገድ ድካም ነው» ብሎ በዳማከሴ ቀናትን ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል። በዚያው ቀን ደም ይመርመር፤ ቆላ መውረድዎንም ለሐኪሙ ይንገሩ። በደጋ ያለ ሐኪም ወባን እንዲያስብ የሚረዳው ይህ መረጃ ነው።

ወደ ባሌ የሚወጡ ደግሞ የሳነቴ አምባ ከ4ሺህ ሜትር በላይ መሆኑን ያስታውሱ። በተለይ ከባሕር ዳርቻ አገር በአውሮፕላን የመጡ ዘመዶቻችን በማግሥቱ ወደዚያ ባይወጡ ይመረጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድካም ከተሰማ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም። እያረፉ መቆየት ካላሻለው ወደ ታች መውረድ ነው። መወላገድ፣ ግራ መጋባት ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ሳይዘገዩ ወርዶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው።

ቀበቶና የመጀመሪያ ርዳታ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር ከፊት የተቀመጠ ሰው በአደጋ የመሞት ዕድሉን እስከ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሕፃን አቅፎ ከፊት መቀመጥ ፍቅር ቢመስልም፣ በግጭት ጊዜ ልጅን በክንድ ይዞ ማስቀረት የሚችል ጉልበት የለም። ልጆች ከኋላ ለዕድሜያቸው በሚስማማ መቀመጫ ታስረው ይጓዙ። ነፍሰ ጡር የታችኛውን ቀበቶ ከሆዷ በታች በዳሌዋ ላይ፣ የላይኛውን በጡቶቿ መካከል ታሳልፈው።

አደጋ ካጋጠመ መጀመሪያ ሌላ መኪና እንዳይደርብ ምልክት ይቀመጥ፤ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ያስፈልጋል። እሳት ወይም ሌላ አስጊ ነገር ከሌለ ተጎጂውን ጎትቶ ማውጣት አይገባም፤ የተጎዳ አከርካሪ ካለ ጉዳቱ ይብሳልና። ውሃም ሆነ ምግብ አይሰጠው።

ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ምሽት ሻንጣ ከመቋጠር ቀድማችሁ አንድ ሥራ ሥሩ። ሾፌሩ በጊዜ ይተኛ፤ የእናት መድኃኒት፣ የልጆች ፌስታል፣ አጎበርና የመጠጥ ውሃ በአንድ ቦርሳ ይሰናዱ። ጭጋግ ከወረደ ወይም መንገዱ ላይ ከመሸ የምታድሩበትን ከተማ አስቀድማችሁ ምረጡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በተራራ መንገድ ላይ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም። በማግሥቱ የሚደርስ እንግዳ ቡናው ቢቀዘቅዝ እንደገና ይፈላለታል።

መልካም በዓል፣ መልካም መንገድ!