ያገለገለ ሞተር ሳይክል፦ በጭማሪ መለወጥ ወይስ ለብቻ መሸጥ?

እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ባሉት ወራት የሞተር ሳይክል ገበያው ይሟሟቃል። ምርቱን ሸጦ እጁ ላይ ገንዘብ የገባለት አርሶ አደር፣ ለዓመታት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያመላለሰበትን፣ በሌሊት ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሰበትን አሮጌ ሞተር በአዲስ ለመተካት ያስባል። የከተማው ነዋሪም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ሁለት አማራጮች ይቀርቡለታል። አንደኛው አሮጌውን ለነጋዴ አስረክቦ በላዩ ገንዘብ በመጨመር አዲስ መውሰድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አሮጌውን ራሱ ለሌላ ሰው ሸጦ አዲሱን በጥሬ ገንዘብ መግዛት ነው።

በጭማሪ መለወጥ ለአርሶ አደሩ እንግዳ ነገር አይደለም። በከብት ገበያ ያረጀ በሬ ሰጥቶ፣ ጭማሪ ከፍሎ ለእርሻ የደረሰ በሬ መውሰድ የቆየ ልማድ ነው። የለዋጩ የመጀመሪያ ጥያቄም “ስንት ልጨምር?” የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለሞተር ሳይክልም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ከእርሱ ጋር አብሮ ሊነሳ የሚገባው ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም “የምለውጠው ባይኖረኝና በጥሬ ገንዘብ ብገዛው አዲሱ ስንት ነው?” የሚለው ነው። ነጋዴው ለአሮጌው ሞተር ከፍ ያለ ዋጋ ሰጥቶ፣ ልዩነቱን በአዲሱ ዋጋ ላይ መልሶ ሊያገኘው ይችላል። ለአሮጌው የተጠራው ዋጋ ብቻውን አሳሳች የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስሌቱ በምሳሌ

ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ቢሆኑም፣ የሚከተለው ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ነጋዴ አዲሱን ሞተር በ210 ሺህ ብር፣ አሮጌውን ደግሞ በ95 ሺህ ብር ሒሳብ ያዘ እንበል። ለዋጩ የሚጨምረው 115 ሺህ ብር ይሆናል። ይኸው አዲስ ሞተር ያለ ለውጥ በጥሬ ገንዘብ 198 ሺህ ብር የሚሸጥ ከሆነ ግን፣ ለአሮጌው በእርግጥ የተከፈለው ዋጋ በ198 ሺህ እና በ115 ሺህ መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም 83 ሺህ ብር ነው። የተቀረው 12 ሺህ ብር በአፍ የተጠራ፣ በእጅ ያልገባ ገንዘብ ነው።

በሌላ በኩል በግል የሚገዛ ሰው 92 ሺህ ብር አቀረበ እንበል። ከዚህ ላይ ለደላላ 2 ሺህ፣ ለጥገናና ለእጥበት 3 ሺህ 500፣ ለመመላለሻና ለባከነ የሥራ ቀን 1 ሺህ 500 ብር ሲቀነስ፣ ሻጩ እጅ የሚቀረው 85 ሺህ ብር ነው። ከነጋዴው የሚበልጠው በ2 ሺህ ብር ብቻ ነው። ለዚህ ልዩነት ሲባል ሳምንታትን ማባከን ላያዋጣ ይችላል። የግል ገዢው 105 ሺህ ብር ቢያቀርብ ግን ልዩነቱ ወደ 15 ሺህ ብር ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ድካሙ ዋጋ አለው። ስለዚህ ውሳኔው መመሥረት ያለበት ወጪ ሁሉ ተቀንሶ እጅ ላይ በሚቀረው ገንዘብ ላይ ነው።

የትኛው ለማን ይበጃል?

በአካባቢው የመለዋወጫ ዕቃው በቀላሉ የሚገኝ፣ ሰነዱ የተሟላና በአግባቡ የተያዘ ሞተር በግል ቢሸጥ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ገዢው የሞተሩን አያያዝና የባለቤቱን ጠባይ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ሲሆን ደግሞ መተማመኑ ይጨምራል። ጊዜውም የራሱ ድርሻ አለው። ከምርት ስብሰባ በኋላ ገዢ ይበረታል። በክረምት ግን ገንዘቡ ለግብዓትና ለቀለብ ስለሚውል፣ መንገዱም ጭቃ ስለሚሆን፣ ቸኩሎ የሚሸጥ ሰው ዋጋ ለመስበር ይገደዳል።

በአንጻሩ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ሞተር ዘይት እያቃጠለ በመሆኑ ከፍ ያለ የጥገና ወጪ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለውን ሞተር በጭማሪ መለወጥ ሊቀል ይችላል። ያለ ሞተር አንድ ቀን እንኳ መዋል የማይችል ሰውም አሮጌውን አስረክቦ በአዲሱ ስለሚመለስ ሥራው አይስተጓጎልበትም። በግል ለመሸጥ የወሰነ ሰው ካቴናን፣ የፍሬን ሸራን፣ ካንዴላንና አምፖልን የመሳሰሉ በጥቂት ወጪ የሚስተካከሉትን ነገሮች አስቀድሞ ቢያሟላ ይጠቀማል። ሞተሩን በሙሉ ለማስፈታት የሚወጣ ከፍተኛ ወጪ ግን ብዙውን ጊዜ በሽያጭ አይመለስም።

ችግርን መደበቅም አያዋጣም። ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ሆን ብሎ ከሰወረ፣ በውሉ ላይ “ለጉድለት ኃላፊ አይደለሁም” የሚል ቃል ማስፈሩ ከተጠያቂነት አያድነውም።

ስም ሳይዛወር ሽያጭ አላለቀም

ከዋጋው ይልቅ ብዙዎችን ለጉዳት የሚዳርገው የስም ዝውውር ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ጉዳቱን ያደረሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ሞተሩን ሸጦ ስሙን ያላዛወረ ሰው፣ ገዢው በሌላ ከተማ እግረኛ ቢገጭ መዝገብ ሲገለጥ የሚገኘው የእርሱ ስም ነው። “ሸጬዋለሁ” ቢል እንኳ ማስረዳቱ የእርሱ ሸክም ይሆናል።

ይህ ስጋት በግል ሽያጭ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሞተሩን በለውጥ የሚረከብ ነጋዴ የስም ማዛወሪያ ወጪን ሁለት ጊዜ ላለመክፈል፣ ሊብሬውን በባለቤቱ ስም እንዳለ አቆይቶ ውክልና ብቻ ሊጠይቅ ይችላል። ውክልና ባለቤትነትን አያዛውርም። ሞተሩ ሌላ ገዢ እስኪያገኝ ድረስ ወራት ቢያልፉ፣ ባለቤት ተብሎ የሚታወቀው ለዋጩ ነው። በመሆኑም የስም ዝውውሩ የሚጠናቀቅበት ቀንና ወጪውን የሚሸፍነው ወገን በጽሑፍ ውሉ ላይ ሊሰፍሩ ይገባል።

ወደ ገበያ ከመውጣት በፊት በሊብሬው ላይ የሰፈሩት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በተሽከርካሪው ላይ ካሉት ጋር መመሳከር አለባቸው። ዓመታዊ ምርመራው መታደሱን፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በብድር የተገዛ ከሆነ ዕዳው መዘጋት አለበት፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ተገቢው ቀረጥ ሳይከፈል ለሌላ ሰው ሊተላለፍ አይችልም። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት ሲሸጥ ደግሞ የትዳር ጓደኛ ስምምነት ያስፈልጋል።

ቀብድ፣ ሙከራና ክፍያ

ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለ ሰው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ የተሻለ ዋጋ እንደሚያገኝ ተስፋ የሚያደርግ ሻጭ ቀብድ ለመቀበል መቸኮል የለበትም።

ገዢ ሞተሩን ነድቶ መሞከሩ ተገቢ ነው፤ ማንነቱንና መንጃ ፈቃዱን ሳያረጋግጡ ቁልፍ መስጠት ግን አደጋ አለው። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ሲፈጸም፣ ገዢው በሚያሳየው ደረሰኝ ወይም የስልክ መልእክት ብቻ መተማመን አይገባም። ሻጩ ገንዘቡ መግባቱን ከራሱ ሒሳብ ላይ ማየት ይኖርበታል። ቁልፉና ሊብሬው ሊሰጡ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

በጭማሪ ለመለወጥም ሆነ በግል ለመሸጥ ያሰበ ሰው፣ ቢያንስ ከሁለት ነጋዴዎችና ከአንድ የግል ገዢ ዋጋ ጠይቆ ስሌቱን በወረቀት ላይ ቢያሰፍር ውሳኔው ይቀልለታል። የተሻለው ገበያ የቱ እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። ሻጩ እፎይ የሚለው ግን ሊብሬው በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ዕለት ነው።