አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ

ባለፈው ክረምት መኪናዬ መለዋወጫ ስትጠብቅ ሁለት ወር ተኩል ግቢ ውስጥ ቆመች። መለዋወጫው ተገኝቶ መካኒኩ ኮፈኑን ሲከፍት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ መኪና ሳትሆን ኮንዶሚኒየም ናት» አለኝ።

ቀረብ ብዬ ሳይ እውነቱን ነው። ከኮፈኑ ስር ያለው ስፖንጅ ተቦጫጭቆ በሞተሩ አናት ላይ እንደ ፍራሽ ተነጥፏል። የአየር ፊልትሮው ቤት ደግሞ ጎተራ ሆኖ የገብስ ቆሎ ተከማችቶበታል። ቆሎው የእኔው ነው፤ ከወንበሩ ስር ሲንጠባጠብ የኖረው። ሁለት ሽቦዎች እስከ መዳባቸው ድረስ ተልጠዋል፤ አንዱ ጨርሶ ተበጥሷል። መካኒኩ እንደነገረኝ ሳላይ አስነስቼ ቢሆን ኖሮ የተላጡት ሽቦዎች ተነካክተው እሳት ሊያስነሱ ይችሉ ነበር።

በማግስቱ ያደረግሁትን ስጽፍ አላፍርም ብል እዋሻለሁ። ከመንገድ ዳር ምንም ጽሑፍ የሌለበት፣ በላስቲክ የተቋጠረ የአይጥ መርዝ ገዛሁ። ከዳቦ ጋር ለውሼ ከሞተሩ ስርና ከጎማዎቹ አጠገብ አስቀመጥሁ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን ውሻ ሞቶ ተገኘ። የተመረዘ አይጥ በልቶ ይሁን ወይም አይጦቹ ጎትተው ያወጡትን ዳቦ እስካሁን አላወቅሁም። የውሻው ባለቤት አንዲት አዛውንት እናት ናቸው። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ውሻስ ውሻ ነው። የልጅ ልጄ የሚጫወተው ግን እዚያው አጥሩ ስር ነው» ብለውኝ ብቻ ሄዱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቶቻችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚሉት ለካ እንዲህ ያለውን ነው። ሽቦዬን የበላችው አይጥ ናት፤ የተመታው ውሻው ነው። ሊመታ የነበረውን ማሰቡ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው።

የተማርሁት ሕግ ስለሆነ ነገሩን በሕግ ዓይን ማየቴ አልቀረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። የጎረቤት በሬ አጥርዎን ቢያፈርስ የሚጠየቅ ሰው አለ። የአይጥ ባለቤት ግን ማነው? ማንም። ስለዚህ ለተበላው ሽቦ የምከሰው ሰው የለኝም። የኢንሹራንስ ውልም ቢሆን ብዙ ጊዜ በነፍሳትና በአይጥ የሚደርስን ጉዳት ከሽፋን ውጪ ያደርጋል፤ ውልዎን አውጥተው ያንብቡ። በሌላ በኩል አንቀጽ 2028 በራሱ ጥፋት በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሣ መክፈል እንዳለበት ይናገራል። እንግዲህ አይጧ ባለቤት የላትም፤ መርዙ ግን ባለቤት አለው። እኔ ነኝ።

ነገሩ ለአሜሪካውያንም አልቀረላቸውም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶዮታንና ሆንዳን ጨምሮ በአምራቾች ላይ ክስ ያቀረቡ የመኪና ባለቤቶች ነበሩ። ክርክራቸው የሽቦው ልባስ ከአኩሪ አተር በተገኘ ነገር ስለሚሠራ አይጥ ይስባል የሚል ነበር። ክርክሩ ለሕግ ሰው ደስ ይላል። ይሁንና አይጥ ሽቦ መቁረጥ የጀመረችው የአኩሪ አተር ልባስ ከመምጣቱ በፊት ነው። የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፤ በመፋቅ ካላሳጠረችው መብላት ያቅታታል። ስለዚህ የምትቆርጠው ስለራባት ብቻ አይደለም። ፕላስቲክም፣ እንጨትም፣ ለስላሳ ብረትም ትፍቃለች።

ታዲያ መኪና ውስጥ ምን ትፈልጋለች? ሦስት ነገር፦ ድርቅ ያለ መጠለያ፣ ሙቀትና ምግብ። በሐምሌና በነሐሴ ጉድጓዱ ውኃ ሲሞላ፣ አሮጌ ቤት ሲፈርስ፣ ወይም ከጎረቤት ያለው የእህል መጋዘን ሲጸዳ አይጥ አዲስ ቤት ትፈልጋለች። ቀን ተነድቶ ማታ የቆመ ሞተር ለሰዓታት ሙቀት ይሰጣል፤ ወር ሙሉ የቆመ መኪና ደግሞ የሚረብሽ የሌለበት ቪላ ነው። ትንሿ የቤት አይጥ የእርሳስ ውፍረት ባለው ቀዳዳ፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር በሚያህል ክፍተት ትገባለች። አይጠ መጎጥም ብትሆን ግዙፍ ሰውነቷን በ2 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ታሾልካለች። እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ ጥንድ ብለው የናቁት በወራት ውስጥ መንደር ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማወቅ ነው። ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ከኮፈኑ ስር ወይም ከወንበር ስር የሩዝ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ኩስ፣ የተበጣጠሰ ስፖንጅና ወረቀት፣ የአየር ማስገቢያው ሲከፈት የሚመጣ የሽንት ሽታ፣ ያለ ምክንያት በክሩስኮቱ ላይ የሚበራ መብራት። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆመን መኪና ኮፈኑን ከፍተው ሳያዩ አያስነሱ። ይህ ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ሁለተኛው ምግቡን ማንሳት ነው። እኔ መኪናዬን አጥብቄ እቆልፍ ነበር፤ ከወንበሩ ስር ግን ቆሎ፣ የዳቦ ፍርፋሪና የብስኩት ወረቀት ነበር። ለመስክ ሥራ የሚወጡ፣ መኪናቸው ውስጥ የሚያድሩና የሚያበስሉ ሰዎች በዚህ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ሽሮና በሶ በላስቲክ ተቋጥሮ አይደር፤ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ወፍራም ዕቃ ውስጥ ይሁን። የልጆች መኪና ወንበር ደግሞ የፍርፋሪ ማኅደር ስለሆነ ተነስቶ ይራገፍ። ሳሙናና ሻማ እንኳ ለአይጥ ምግብ ነው።

ሦስተኛው ቀዳዳ መድፈን ነው። አየር ወደ ውስጥ የሚገባበትን ክፍተትና የአየር ፊልትሮውን አፍ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የወንፊት ሽቦ እንዲሸፍንልዎ ለመካኒክዎ ይንገሩት። የላስቲክ ውታፍ ከወለሉ ላይ ወልቆ ከሆነ ይተካ፤ ፔዳሎቹና ሽቦዎቹ የሚያልፉበት ቀዳዳ ላይ ያለው ላስቲክም ይታይ። የጋራዡን ግድግዳና የበሩን ስር ለመድፈን የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቆ በሲሚንቶ መምረግ ይበጃል። ስፖንጅና ጨርቅ ብቻውን አይረባም፤ ለጎጆ መሥሪያ ያበረክቱላታል እንጂ። አንድ ማሳሰቢያ፦ በሞተሩና በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሚቃጠል ነገር አይወትፉ፤ በጊዜያዊነት የደፈኑትንም ከማስነሳትዎ በፊት ያንሱ።

አራተኛው መኪናውን አለማስተኛት ነው። በሳምንት አንዴ ቢሆንም አስነስተው ያንቀሳቅሱት፤ ቦታም ቀይሩ። ከሣር፣ ከእንጨት ክምርና ከቆሻሻ ገንዳ አርቀው ያቁሙት። ዝናብ በማያገኘው ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ኮፈኑን ከፍቶ ማሳደር ጨለማውንና ምቾቱን ይነሳታል።

አምስተኛው ወጥመድ ነው። የቀድሞው የእንጨትና የሽቦ ወጥመድ ዛሬም አልተሸነፈም። አይጥ በግድግዳ ጥግ ስለምትሄድ ምግቡ ያለበትን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙረው ያስቀምጡት። ማባበያው ጥቂት የተፈጨ ለውዝ ይሁን። አይጠ መጎጥ አዲስ ነገር ትፈራለች፤ ስለዚህ ወጥመዱን ሳይወጥሩ ለጥቂት ቀናት ምግብ ብቻ ያስለምዷት። ልጅና ድመት ከማይደርሱበት ቦታ መሆኑን፣ ከመንዳትዎ በፊትም ከመኪናው መውጣቱን ያረጋግጡ።

የማይረቡትንና የሚጎዱትንም ልናገር። ናፍጣ ሞተሩ ላይ የሚረጩ ሰዎች አሉ፤ ይህ አይጥ ሽሽት እሳት መጥራት ነው። ናፍታሊን በተዘጋ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ አይጧን እምብዛም አያባርርም፤ ጋዙን የሚተነፍሱት ግን እርስዎና ልጆችዎ ናችሁ። ሚጥሚጣም ተሞክሯል። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ሆንዳ ራሱ የቃሪያ ማቃጠል ያለበት የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር ይሸጣል። ነገር ግን በአየር ማስገቢያው ላይ የተነሰነሰ ሚጥሚጣ አየሩ ሲከፈት ወደ ሾፌሩ ዓይን ነው የሚመጣው። በድምፅ ያባርራሉ የሚባሉትን መሣሪያዎች በተመለከተ፣ የአሜሪካው ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2001 እ.ኤ.አ. ለአምራቾችና ለሻጮች በሳይንስ ያልተደገፈ ማስታወቂያ እንዳይነግሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። አይጥ ድምፁን ቶሎ ትለምደዋለች።

ወደ መርዙ ልመለስ። ስያሜ የሌለው መርዝ ለምን የከፋ እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። አንዱ ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከቀናት በኋላ ይታያል፤ ሐኪም በቫይታሚን ኬ ያክመዋል። ሌላው ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻ የለውም። እህል ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚውለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ኪኒንም እርጥበት ሲነካው ያንኑ ጋዝ ያወጣል። በመኪና ወይም በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥም። ሐኪሙ የትኛው እንደሆነ ካላወቀ በምን ያክማል? ሰው መርዝ ከነካ ወይም ከዋጠ ምልክት አይጠብቁ። ወተት አያጠጡ፣ ዘይት አያጠጡ፣ አያስመልሱ። የመርዙን ማሸጊያ ይዘው ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሌላ መንገድ ጠፍቶ መርዝ የግድ ከሆነም፣ ስያሜ ያለው ሆኖ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ ይሁን፤ የሞቱት አይጦችም ይሰብሰቡ።

አይጧ ከወጣች በኋላ ደግሞ ጽዳቱ አለ። ብዙዎቻችን መጥረጊያ እናነሳለን። ስሕተት ነው። በሽንቷና በኩሷ ውስጥ በሽታ ሊኖር ይችላል፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው አንዱ ነው። በደረቁ ሲጠረግ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። በሮቹን ከፍተው ለግማሽ ሰዓት ያናፍሱ፤ ጓንት ያድርጉ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ቆሻሻው ላይ ይርጩና አምስት ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ በወረቀት ወይም በጨርቅ ጠርገው በላስቲክ ቋጥረው ይጣሉ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሞተሩን ለማጽዳት ግን ባትሪው ተነቅሎ በመካኒክ እጅ ቢሆን ይሻላል፤ በረኪና ሽቦና ብረት ይጎዳል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካስታወቀ ወዲህ በየግቢው የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። አይጥ በነዳጅና በባትሪ መካከል አታዳላም። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍበት ነው። የተበላ ካዩ አይንኩት፣ በፕላስተርም አይጠቅልሉት፤ የሠለጠነ ባለሙያ ይጥሩ።

እኔ መኪናዬን አስጠገንሁ፣ ቀዳዳዋን አስደፈንሁ፣ ቆሎ መብላቱን ወደ ሳሎን አዛወርሁ። ለሽቦው ያወጣሁት ገንዘብ ቆጭቶኛል፤ ግን ተረስቷል። ለጎረቤቴ የውሻቸውን ግምት ልክፈል ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። በምትኩ የለመኑኝ አንድ ነገር ነው፤ ከአጥሩ ስር ያለውን መርዝ አንድ ሳይቀር እንድለቅም። በባትሪ መብራት እየፈለግሁ እኩለ ሌሊት ድረስ ለቀምሁ። ሰባት ቁራሽ አስቀምጬ ነበር፤ ያገኘሁት አምስት ነው። ሁለቱ የት እንደደረሱ ዛሬም ስጠይቅ እኖራለሁ።

ቸር እንሰንብት።