የአንጎል ሞገድ በመልቲፕል ስክሌሮሲስ ሕሙማን ላይ የሚያሳየው የአእምሮ ለውጥ

መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሰውነት መከላከያ ኃይል ማየሊን የተባለውን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ሽፋኑ ሲጎዳ በነርቭ የሚተላለፈው መልእክት ይዘገያል። ጉዳቱ በእግርና በዓይን ብቻ አይወሰንም፤ ከ40 እስከ 65 በመቶ በሚሆኑ ሕሙማን የማሰብ ፍጥነት፣ ትኩረትና የማስታወስ ችሎታ ይዳከማል። ይህ ለውጥ ስለማይታይ አንዳንድ ጊዜ እንደ ስንፍና ይቆጠራል።

ችግሩ በጽሑፍ ፈተና ይለካል፤ ነገር ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ የደከመ ሕመምተኛ ውጤት ሊዛባ ይችላል። የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ ምዝገባ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ሕመምተኛው ተመሳሳይ ድምፆችን እያዳመጠ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣውን ልዩ ድምፅ በልቡ ይቆጥራል። ልዩው ድምፅ ከተሰማ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው ፒ300 የተባለ ሞገድ ይነሣል። በእነዚህ ሕሙማን ሞገዱ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ቁመቱም ሊያንስ ይችላል።

ይሁንና ዕድሜ፣ ድካምና መድኃኒትም ሞገዱን ስለሚለውጡ ፒ300 ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም። ከሌሎች ፈተናዎች ጋር ተዛምዶ ሊታይ ይገባል። «ሐሳቤ ዘገየብኝ» የሚል ሕመምተኛ ቃሉ ሊመረመር እንጂ ሊናቅ አይገባም።