የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ፦ ወንዙን የማጽዳት ወጪ በማን ላይ ይውደቅ?

በጌዴኦ ዞን፣ ከይርጋ ጨፌ በስተደቡብ በምትገኘው ፍስሐ ገነትና በአካባቢዋ የቡና ለቀማ ሲደርስ ገበሬው ገንዘብ ያያል። መፈልፈያዎቹም ቀን ከሌት ይሠራሉ። ፍሳሹ በቀጥታ ወደ ወንዝ በሚለቀቅበት ስፍራ ግን ከማጠቢያው በታች የሚኖረው ሕዝብ ውኃ መቅዳት ይቸገራል። ውኃው ይጠቁራል፤ ይሸታል፤ ከብቱም አሽትቶ ይመለሳል።

ይህ የሚሆነው መርዝ ተጨምሮበት አይደለም። እሸት ቡና ሲፈለፈል ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ልጣጭ ሆኖ ይወጣል። በፍሬው ላይ የሚቀረው የሚያዳልጥ ሙጫም በገንዳ ውስጥ ከተብላላ በኋላ በውኃ ይታጠባል። ይህ ሁሉ ወንዝ ሲገባ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይመገቡታል፤ ሲመገቡትም በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሱታል። ጉዳቱን የሚያብሰው ደግሞ ቡናው የሚታጠበው ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ በሚቀንስበት ወቅት መሆኑ ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ፍሳሹን ደረጃ በደረጃ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ማሳረፍ፣ አሲዱን በኖራ ማብረድ፣ ከጉድጓዶቹ በታች ቬቲቨር ሣር መትከል፣ ልጣጩንም አብላልቶ ለእንሰትና ለቡና ማዳበሪያ ማድረግ ይቻላል። ያስቸገረው ገንዘቡ ነው። ጉድጓድ ቁፋሮ ወጪ አለው፤ በየዓመቱ መጠረግም ይፈልጋል፤ መሬትም ይይዛል፤ በጌዴኦ ደግሞ መሬት ጠባብ ነው።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ባለቤቱ በሚታወቅ ጣቢያ ላይ ይህ ይሠራል። ጣቢያው ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ ወይም ሥራ ካቆመ ግን ጉድጓዱ ሞልቶ ይቀራል፤ የሚጠየቅ አይገኝም።

በአሜሪካ አገር የድንጋይ ከሰል አውጪዎች ጥለዋቸው ከሄዱ ጉድጓዶች የሚወጣው አሲድ ያለበት ውኃ ብዙ ወንዞችን አበላሽቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሕግ በሥራ ላይ ያሉት ኩባንያዎች ከገጸ ምድር ለሚያወጡት ለእያንዳንዱ ቶን 35 ሳንቲም፣ ከመሬት ውስጥ ለሚያወጡት 15 ሳንቲም ለፈንድ እንዲከፍሉ አደረገ። ተመኑ ኋላ ቢቀነስም ክፍያው አልቀረም። ያም ሆኖ ስላልበቃ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመመደብ ተገደደ።

ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚጠቅመው ገንዘቡ ምርቱ በሚመዘንበት ጊዜ የሚቆረጥ መሆኑ ነው። ሚዛኑ በጌዴኦም አለ። ከእያንዳንዱ ኪሎ እሸት ቡና ጥቂት ሳንቲም ለጉድጓድ ሒሳብ ቢቀመጥ ገበሬውን አይከብደውም። የፍትሐዊ ንግድ ማለትም የፌርትሬድ ምስክር ወረቀት ያላቸው ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ ከቡናው ዋጋ ሌላ በፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ተጨማሪ ክፍያ አላቸው፤ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነውም የአባላት ጉባኤ ነው። ጉድጓድ መጥረግ እንደ ትምህርት ቤት ሪባን ተቆርጦ የሚመረቅ ሥራ ስላልሆነ በጉባኤ ድምፅ ላያገኝ ይችላል። መሪዎቹ ሊሟገቱለት የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉባኤው ለቀማው ከመጀመሩ በፊት፣ ቢዘገይ በመስከረም ሊጠራ ይገባዋል፤ ገበሬው ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ መልሶ ማስከፈል እንዴት እንደሚያስቸግር መዋጮ የሰበሰበ ሁሉ ያውቀዋል። ከማጠቢያው በታች ያሉ ቀበሌዎች የጣቢያው አባላት ባይሆኑም ተወካዮቻቸው ተጠርተው ውኃው የሚበላሽባቸውን ቦታዎች ቢያሳዩ፣ የትኛው ጉድጓድ ቀድሞ መጠረግ እንዳለበት በዚያው ስብሰባ ሊወሰን ይችላል።