የደከመ ብረትና የዛለ ብረት፤ ስለ ቁሳቁስ ስብራት የሚነገሩ ሙያዊ ቃላት በአማርኛ

1. የጥያቄው መነሻ

መሐንዲሶች በኢንዱስትሪና በመሠረተ ልማት መስክ የሚያካሂዱት ምርምር ከሌሎች የሳይንስ ምርምሮች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ይኸውም ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከተሰበረ ዕቃ መሆኑ ነው። የባቡር አክስል ይሰበራል፤ ድልድይ ይወድቃል፤ መርከብ ለሁለት ይከፈላል። ተመራማሪው ምክንያቱን ይመረምራል፤ ካገኘው በኋላም ስም ያወጣለታል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ውስጥ ከሚገኙት ቃላት ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ አደጋ ትምህርት የተጠራቀመባቸው ናቸው። ቃሉ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተላለፍ ትምህርቱ አብሮ ካልተላለፈ፣ የተርጓሚው ስሕተት የቋንቋ ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። በአንድ የጥገና መመሪያ ላይ «የደከመ አክስል ሁሉ ይለወጥ» የሚል ትእዛዝ ተጽፎ ቢገኝ፣ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ባለሙያ ምን ይረዳል? «የደከመ» ማለት አቅም ያነሰው ማለት ነው ብሎ አክስሉን ጭነት አሸክሞ ይፈትነዋል። አክስሉም ጭነቱን ይችላል። ባለሙያውም «አልደከመም» ብሎ ወደ ሥራው ይመልሰዋል። ነገር ግን የመመሪያው ደራሲ ሊያስጠነቅቅ የፈለገው፣ ዛሬ ጭነቱን በሚገባ ተሸክሞ ነገ በዚያው ጭነት ስለሚሰበር ብረት ነበር። በትእዛዙ ውስጥ የሰዋስው ግድፈት የለም፤ አደጋውን ያመጣው የአንድ ቃል ምርጫ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ቁሳቁስ ስብራት የሚነገሩ ጥቂት መሠረታዊ ፅንሰ ሐሳቦችን ከነታሪካቸው ማብራራትና ለእነርሱ የሚስማሙ የአማርኛ ቃላትን ለውይይት ማቅረብ ነው።

2. ድካም ወይስ ዝለት?

እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ የባቡር ሎኮሞቲቭ አክስሉ ተሰብሮ ከሐዲድ ወጣ። እሳት ተነሣ፤ የፉርጎዎቹ በሮች ተቈልፈው ስለ ነበር ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። መሐንዲሶቹን ግራ ያጋባቸው አክስሉ ያለ ልዩ ምክንያት፣ ዘወትር በሚሸከመው ጭነት መሰበሩ ነው። በዚያ ዘመን የተሰበረ ብረት ፊቱ ጥራጥሬ መስሎ ስለሚታይ፣ ብዙዎች ብረቱ ከንዝረት ብዛት የተነሣ «ወደ ክሪስታልነት ተለውጧል» ይሉ ነበር። ይህ አባባል ስያሜም ትንታኔም ሆኖ ለረጅም ጊዜ ቈየ። ሆኖም የተሳሳተ ነበር። ብረት ከመጀመሪያውም ክሪስታላዊ ነው። የተሳሳተ ትንታኔ በስም ውስጥ ከገባ በኋላ ማስወጣቱ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ይህ ታሪክ ያሳያል።

በእንግሊዝ አገር ፍሬድሪክ ብሬዝዌት እ.ኤ.አ. በ1854 ባቀረበው ጽሑፍ ይህን ክስተት የብረት «ድካም» በሚል ቃል ጠራው። በፕሩስያ ደግሞ የባቡር መሐንዲስ የነበረው አውግስት ቮለር አክስሎችን ደጋግሞ የሚያጐብጥና የሚያሽከረክር መሣሪያ ሠርቶ፣ እስከ 1870 ድረስ ባካሄደው ተከታታይ ሙከራ የጉዳዩን ሕግ አወጣ። ያገኘውም ባጭሩ ይህ ነው፤ ብረት በአንድ ጊዜ ሊሰብረው ከሚችለው በጣም ያነሰ ጭነት ብዙ ጊዜ ሲመላለስበት ይሰበራል፤ ጭነቱ ከአንድ ወሰን በታች ከሆነ ግን ለቍጥር የሚያታክት ምልልስ ሊችል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1903 ዩዊንግና ሃምፍሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ምልልሱ በብረቱ ቅንጣቶች ውስጥ ቀጫጭን የመንሸራተት መስመሮችን እንደሚፈጥርና እነርሱም ወደ ስንጥቅ እንደሚያድጉ አዩ።

እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ሩስያኛ ሁሉም ለዚህ ክስተት የሰውን ድካም የሚያመለክት ቃል ወስደዋል፤ ዐረብኛም «ከላል» ብሎ ከዚያው መስክ መርጧል። ስለዚህ አማርኛም ይህን መንገድ ቢከተል ከጐረቤት ቋንቋዎች አይለይም። ጥያቄው ከአማርኛ ቃላት የትኛው ይሻላል የሚለው ነው።

«ደከመ» ሁለት ፍች አጣምሮ የያዘ ነው። አንደኛው ከሥራ ብዛት ኀይል ማጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከተፈጥሮ አቅመ ቢስ መሆን ነው። «ደካማ» የሚለው ቅጽል ደግሞ ሁለተኛውን ፍች ብቻ ይዟል። ስለዚህ «የብረት ድካም» ሲባል የአንባቢው አእምሮ ወደ «ደካማ ብረት» ያዘነብላል። ከላይ በምሳሌው ያየነው አደጋም የመጣው ከዚህ ነው።

«ዛለ» ግን እንዲህ አይደለም። ክንድ ይዝላል፤ ጉልበት ይዝላል። የሚዝለውም ደካማ ስለሆነ ሳይሆን አንዱን ሥራ ደጋግሞ ስለሠራ ነው። ብርቱ ሰውም ይዝላል። ከደከመ «ደካማ» እንደሚወጣ፣ ከዛለ የተፈጥሮ አቅመ ቢስነትን የሚያመለክት ቅጽል አልወጣም። በርባታም ቢሆን አመቺ ነው፤ ዝለት፣ የዛለ፣ የዝለት ወሰን፣ የዝለት ዕድሜ፣ የዝለት ስብራት ማለት ይቻላል። ጥንቃቄ የሚያሻው በአድራጊው ግሥ ላይ ነው፤ «አዛለ» በጽሕፈት ከ«አዘለ» ጋር በቀላሉ ሊምታታ ስለሚችል፣ በመመሪያ ውስጥ «ለዝለት ዳረገ» ማለቱ ይመረጣል።

በሁሉም ቋንቋዎች የጋራ የሆነ አንድ ጉድለት በአማርኛውም ይቀራል። የዛለ ሰው ሲያርፍ ይበረታል፤ የዛለ ብረት ግን ቢያርፍ አይበረታም፤ የተጀመረው ስንጥቅ በዕረፍት አይድንም። ይህን ቃሉ ራሱ ስለማይናገር በመዝገበ ቃላቱ ፍች ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት።

3. ጭነትና ጫና

የዝለት ትምህርት ወደ አየር የተሻገረው በኮሜት አውሮፕላን አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በጥርና በሚያዝያ ሁለት ኮሜቶች ከጣሊያን ጠረፍ አጠገብ በበረራ ላይ ሳሉ ተበታትነው ባሕር ውስጥ ወደቁ። በፋርንቦሮ የነበረው የብሪታንያ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም አንድ ሙሉ የአውሮፕላን አካል በትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ፣ ውስጡን በውሃ እየሞላ የበረራን ግፊት ደጋግሞ አስመሰለ። ውሃ የተመረጠው እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ አካሉ ቢቀደድ እንኳ ሳይፈነዳ ስንጥቁ የተነሣበትን ቦታ ለመመርመር ስለሚያስችል ነው። ቀድሞ ያደረጋቸው በረራዎች ተጨምረው ከ3,000 ጥቂት ከሚበልጡ ዙሮች በኋላ አካሉ ከአንድ መስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ተቀደደ።

እዚህ ላይ ተርጓሚው ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባዋል። አካሉ በጠቅላላው የተሸከመው ኀይል አንድ ነገር ነው፤ ያ ኀይል ለእያንዳንዱ ቅንጣት ስፋት የሚደርሰው ድርሻ ሌላ ነገር ነው። በመስኮቱ ማዕዘን ላይ የተከማቸው ይህ ሁለተኛው ነው። ሁለቱንም «ግፊት» ወይም «ጭንቀት» ማለት ትምህርቱን ያጠፋዋል። «ግፊት» ለፈሳሽና ለአየር ተይዟል፤ «ጭንቀት» ደግሞ የሕሊና ነው። «ጫነ» ከሚለው አንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት ስላሉን፣ ጠቅላላውን «ጭነት»፣ የስፋት ድርሻውን «ጫና» ብንል መለያየታቸውም ዝምድናቸውም ይታያል። ያን ጊዜ «ጭነቱ ሳይጨምር ጫናው በማዕዘኑ ላይ ጨመረ» ማለት እንችላለን።

4. «ጠንካራ» የሚሸከማቸው አራት ፍቾች

በአማርኛ የምሕንድስና ጽሑፎች ከሁሉ በላይ የሚያገለግለው ቅጽል «ጠንካራ» ነው። ይሁን እንጂ አራት የተለያዩ ጠባዮችን አንድ ላይ ያጠቃልላል። እነርሱም ከፍተኛ ጫና መቋቋም፣ ሳይለጠጥና ሳይጐብጥ መቆየት፣ አለመጫርና አለመቦርቦር፣ እንዲሁም ስንጥቅ ሲጀምረው ቶሎ አለመሰበር ናቸው። መስተዋት በቀላሉ አይጫርም፤ ነገር ግን ቶሎ ይሰበራል። ጠፍር በቀላሉ ይጐብጣል፤ ነገር ግን አይበጠስም። ሁለቱንም «ጠንካራ» ማለት ለዕለት ንግግር ይበቃል፤ ዕቃ ለሚመርጥ መሐንዲስ ግን አይበቃም።

ስለዚህ «ጥንካሬ» ለመጀመሪያው ብቻ ቢወሰን፣ ለሁለተኛው «ግትርነት»፣ ለሦስተኛው «ጥጥርነት»፣ ለአራተኛው «ስብራት ቻይነት» ቢባል መልካም ነው። የመጨረሻው ረዘም ያለ ቢሆንም፣ «ቻይ» የሚለው ቃል ጕዳት ደርሶበትም የሚታገሥን ስለሚያመለክት ፅንሰ ሐሳቡን በትክክል ይዟል። የልዩነቱ ጥቅም በተግባር የሚታይ ነው። በብየዳ የተያያዘ ድልድይ የዝለት ዕድሜው በአብዛኛው የሚወሰነው በመገጣጠሚያው ቅርጽና በብየዳው ጥራት እንጂ በብረቱ ጥንካሬ አይደለም። «የዛለውን በጠንካራ ተካው» የሚል ምክር ስለዚህ ብዙ ጊዜ መፍትሔ አይሆንም።

5. ደረቅ ስብራት

እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1943 ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በኦሬገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ወደብ ታስራ ሳለች በጸጥታ ውሃ ላይ ወገቧ ተሰበረ። በጦርነቱ ዘመን በብየዳ የተሠሩ ሌሎች መርከቦችም ተመሳሳይ ጕዳት ደረሰባቸው። በኬምብሪጅ የነበሩት ኮንስታንስ ቲፐር ባደረጉት ምርምር፣ የዚያ ዓይነት ብረት ከተወሰነ ቅዝቃዜ በታች ሲደርስ መጐበጡን ትቶ በድንገት እንደሚሰበር አሳዩ። ብየዳው ደግሞ ሳህኖቹን አንድ ወጥ ስላደረጋቸው ስንጥቁ የሚቆምበት ድንበር አላገኘም።

ይህን ጠባይ ተርጓሚዎች «ተሰባሪነት» ይሉታል። ነገር ግን ሊሰበር የሚችል ነገር ሁሉ ተሰባሪ ነው። የፅንሰ ሐሳቡ ልዩ ምልክት አስቀድሞ ሳይጐብጥ መሰበሩ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ከእንጨት ያውቀዋል። እርጥብ እንጨት ይጐብጣል፤ ደረቅ እንጨት ቀጭ ይላል። ስለዚህ «ደረቅ ስብራት» የሚለውን እናቀርባለን። በጀርመንኛም ለዚህ ጠባይ የሚያገለግለው ቃል ለደረቀ ቈዳና ለደረቀ ከንፈር የሚነገር ነው። «ደረቅ» ከርጥበት ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞው ለአፈርና ለአርማታ ሥራ እውነትነት አለው። በእነዚህ መስኮች «ሳይጐብጥ የሚደርስ ስብራት» ብሎ ማብራራት ይገባል።

6. ንቃቃት፣ ስንጥቅ፣ ስብራት

አማርኛ በመለያየት ረገድ ቃል አላነሰውም፤ የጐደለው ሥርዐት ነው። የሸክላ ማሰሮ ይነቃል፤ እንጨት ይሰነጠቃል፤ አጥንት ይሰበራል፤ ገመድ ይበጠሳል፤ የጽዋ ከንፈር ይሸረፋል። በደጋ ሜዳዎቻችን የሚገኘው ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ሲኰማተር መሬቱ ይነቃቃል። በላዩ የተሠራ መንገድና ቤትም አብሮ ይነቃቃል። መንገድ ሠሪዎች ዋልካውን ቈርጠው በማውጣት በገረጋንቲ የሚተኩት፣ ወይም በኖራ የሚያክሙት ስለዚህ ነው። ገበሬው «ንቃቃት» የሚለው ከመኰማተር የሚመጣና በስፋት የተሠራጨ ነው፤ «ስንጥቅ» ግን ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በአንድ አቅጣጫ የሚያድግ ነው። ይህን የገበሬውን ልዩነት ሙያው እንዳለ ሊወስደው ይችላል።

ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል የሲልቨር ድልድይ ያስተምራል። በ1928 ተሠርቶ በኦሃዮ ወንዝ ላይ ያገለግል የነበረው ይህ ድልድይ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 1967 ወድቆ 46 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ በአንድ ባለዓይን የብረት ዘንግ ላይ፣ ከመገጣጠሚያው ውስጥ ተሸሽጎ የነበረ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ስንጥቅ ነው። ስንጥቁን ያሳደጉት ዝገትና ጫና በአንድነት ነበሩ። «ዝገት» ብቻ ብሎ የሚተረጕም ሰው አንባቢው የሚላጥና ቀይ የሆነ ነገር እንዲፈልግ ያደርገዋል፤ «የዝገትና የጫና ስንጥቅ» ቢል ግን ዓይን የማያየውን እንዲፈልግ ያስገነዝበዋል።

7. ክሽፈት

በመጨረሻ የእነዚህ ሁሉ ጠቅላይ የሆነው ፅንሰ ሐሳብ ይቀራል፤ ይኸውም አንድ ዕቃ የተሠራበትን ተግባር ማከናወን አለመቻሉ ነው። «ውድቀት» ማለት ልማድ ሆኗል። ይሁን እንጂ ሳይወድቅ ከአገልግሎት የሚወጣ ድልድይ አለ፤ ሳይሰበር የሚያፈስ ቱቦም አለ። «ከሸፈ» የሚለው ግሥ ለማይተኩስ ጥይትና ላልተሳካ ዕቅድ ይነገራል፤ በሁለቱም የሚገለጸው የታሰበው አለመሆኑ ነው። ስለዚህ «ክሽፈት» ጠቅላይ ቃል ሆኖ፣ ስብራት፣ ዝለት፣ ዝገትና ንቃቃት በሥሩ ቢመደቡ ሥርዐቱ የተሟላ ይሆናል።

8. ማጠቃለያ

ለውይይት የቀረቡት ቃላት የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ዝለት፤ ከጥንካሬ ወሰን በታች የሆነ ጫና በመመላለሱ ምክንያት ስንጥቅ ተፈጥሮ ማደጉ። በዕረፍት አይድንም።
ለ. ጭነት፤ አንድ አካል የሚሸከመው ጠቅላላ ኀይል። ጫና፤ የዚሁ ኀይል የስፋት ድርሻ።
ሐ. ጥንካሬ፣ ግትርነት፣ ጥጥርነት፣ ስብራት ቻይነት፤ በክፍል 4 በተገለጸው መሠረት የተለያዩ አራት ጠባዮች።
መ. ደረቅ ስብራት፤ አስቀድሞ ሳይጐብጥ በድንገት የሚደርስ ስብራት።
ሠ. ንቃቃት፤ ከመኰማተር የሚመጣ የተሠራጨ መከፈት። ስንጥቅ፤ በአንድ አቅጣጫ የሚያድግ መከፈት።
ረ. ክሽፈት፤ ከተሠሩበት ተግባር ውጭ መሆን።

ከእነዚህ ቃላት አንዱም አዲስ የተፈጠረ አይደለም፤ ሁሉም በሕዝቡ አፍ ያሉ ናቸው። አዲስ የሆነው ድንበራቸው ነው። ድንበሩ የሚጸናው ግን በመዝገበ ቃላት በመጻፉ ሳይሆን፣ በጋራዥ፣ በመንገድ ሥራና በፋብሪካ የሚሠሩት ባለሙያዎች ሲቀበሉት ነው። ስለዚህ ተርጓሚዎች እነዚህን ቃላት በመመሪያ ላይ ከማዋላቸው በፊት፣ መመሪያው ለሚደርሳቸው ሠራተኞች አንብበውላቸው «ምን ተረዳችሁ? ምንስ ታደርጋላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ ከማናቸውም የቃላት ጕባኤ የበለጠ ፈተና ይሆናል። በዚህ መንገድ ጉድለቱ የታወቀ ቃል ቢኖር፣ ከነምክንያቱ ተገልጾ በተሻለ እንዲተካ አንባቢዎችን እንጠይቃለን።