ቆሻሻ ድንበር ሲሻገር ማን ይጠየቃል?

ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስንወጣ አንድ ጓደኛችን «ሰው ድንበር ሲሻገር ፓስፖርት ይጠየቃል፤ ሸቀጥም ቀረጥ ይከፈልበታል። ታዲያ ቆሻሻስ ሲሻገር ምን ይጠየቃል?» አለን። ሳቅን። ቤተ መጻሕፍት ገብተን ነገሩን ስናገላብጠው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም። ቆሻሻም ፓስፖርት አለው። ፓስፖርቱ የተሰጠው ግን ብዙ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። ያገኘነውን ከዚህ ቀጥሎ ለአንባብያን እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ አደገኛ ቆሻሻ ሲባል እንዲያው የቤት ጥራጊ ማለት አይደለም። ከፋብሪካ፣ ከሆስፒታል ወይም ከእርሻ መጋዘን የሚወጣ፣ የሚመርዝ፣ የሚቀጣጠል፣ የሚፈነዳ ወይም አካልን የሚያቃጥል ነገር ነው። የአሮጌ መኪና ባትሪ አሲድ፣ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ መድኃኒትና የአሮጌ ትራንስፎርመር መርዛማ ዘይት ከዚህ ይመደባሉ።

ታዲያ ይህ ነገር ለምን ባሕር ይሻገራል? ምክንያቱ ዋጋ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በኢንዱስትሪ የበለጸጉት አገሮች የአካባቢ ጥበቃ ሕጋቸውን እያጠበቁ ሄዱ። ቆሻሻን በአግባቡ ማስወገድ ውድ ሆነ። ስለዚህ ነጋዴዎች ሕጉ የላላበትንና ገንዘብ የቸገረበትን አገር ያስሱ ጀመር። በ1988 ለጊኒ ቢሳው የቀረበውን ውል እንመልከት። በአምስት ዓመት ውስጥ 15 ሚሊዮን ቶን ቆሻሻ እንድትቀበል 600 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈላት ነበር። ለአንዲት ደሀ አገር ይህ ትልቅ ፈተና ነው። ደግነቱ ውሉ ሳይፈጸም ቀረ።

ሁሉም ግን እንዲህ በጊዜ አልተነቃበትም። በናይጄሪያ ኮኮ በምትባል አነስተኛ የወንዝ ወደብ አንድ ነዋሪ ግቢውን በወር መቶ ዶላር ገደማ አከራየ። ከጣልያን የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ በርሜሎች እግቢው ውስጥ ተደረደሩ። አንዳንዱ በርሜል ያፈስ ነበር፤ በውስጡም ፒሲቢ የሚባለው መርዝ ተገኝቶበታል። ነገሩን ያጋለጡት እነማን ይመስላችኋል? በጣልያን ይማሩ የነበሩ የናይጄሪያ ተማሪዎች ናቸው። በዚያ አገር ጋዜጣ ያነበቡትን ለአገራቸው ጋዜጦች ጻፉ፤ በ1988 ጁን ወሬው አገር አዳረሰ። የናይጄሪያ መንግሥት ቆሻሻው ተመልሶ እንዲጫን አስገደደ። ካሪን ቢ የተባለችው መርከብ የጫነችውን ይዛ በአውሮፓ ወደቦች ስትንከራተት፣ አንዱ አገር ከሌላው እየተቀባበለ አላስጠጋም አላት።

ሌላዋ መርከብ ኪያን ሲ ትባላለች። በ1986 ከአሜሪካ ከተማ ከፊላደልፊያ ወደ 14,000 ቶን የሚደርስ የተቃጠለ ቆሻሻ አመድ ጭና ተነሣች። ከብዙ መንከራተት በኋላ በ1988 መጀመሪያ ሄይቲ ደርሳ 4,000 ቶን ያህሉን «ማዳበሪያ ነው» ተብሎ በባሕር ዳር አራገፈች። የቀረውን በውቅያኖስ ላይ ደፋችው። ሄይቲ ላይ የቀረው አመድ ወደ አሜሪካ የተመለሰው በ2000 ነው። ለመድፋት ጥቂት ቀን፣ ለማንሣት አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው።

በዚያው ዓመት በ1988 ሜይ ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስቦ፣ አደገኛ ቆሻሻን በአፍሪካ መድፋት በአፍሪካና በሕዝቧ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ሲል ወሰነ። በማርች 22 ቀን 1989 ደግሞ በስዊዘርላንድ ከተማ በባዝል ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸደቀ። የባዝል ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው በሜይ 5 ቀን 1992 ሲሆን፣ ዛሬ አባላቱ ከ190 አያንሱም። አሜሪካ በ1990 ብትፈርምም አላጸደቀችውም።

ብዙ ሰው ስምምነቱ ቆሻሻ ጨርሶ ድንበር እንዳይሻገር የከለከለ ይመስለዋል። አይደለም። በመሠረቱ ያለው «ሳትጠይቅ አትላክ» ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦

አንደኛ፣ ላኪው አገር የቆሻሻውን ዓይነትና መጠን፣ የሚያልፍበትን መንገድና የሚወገድበትን ዘዴ ዘርዝሮ ለተቀባዩ አገርና ለመተላለፊያ አገሮች በጽሑፍ ያስታውቃል።

ሁለተኛ፣ ተቀባዩ አገር «እሺ» ወይም «እሺ፣ ግን በዚህ ሁኔታ» ወይም «አይሆንም» ብሎ በጽሑፍ ይመልሳል። ዝም ካለ እንደ ፈቀደ አይቆጠርም።

ሦስተኛ፣ በላኪውና በሚያስወግደው ድርጅት መካከል ውል መኖሩ ይረጋገጣል።

አራተኛ፣ ጭነቱ ከተነሣበት እስከሚወገድበት ድረስ አንድ ሰነድ አብሮት ይጓዛል፤ የተረከበው ሁሉ ይፈርምበታል። ጓደኛችን የጠየቀው ፓስፖርት እንግዲህ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይሟላ፣ ወይም በሐሰተኛ ሰነድ ከተላከ፣ ሕገወጥ ዝውውር ይባላል። ጥፋቱ የላኪው ከሆነ ላኪው አገር ነገሩን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ቆሻሻውን መልሶ እንዲወስድ ይገደዳል። የኮኮና የሄይቲ ሕዝብ ያላገኘው መብት ይህ ነበር።

የአፍሪካ አገሮች ግን «ሳትጠይቅ አትላክ» አይበቃም አሉ፤ የተራበ አገር እሺ ሊል ይችላልና። በ1991 በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ባጸደቁት ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ከአፍሪካ ውጭ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ከነጭራሹ ከለከሉ። ይህም በ1998 ሥራ ላይ ዋለ። በባዝል በኩልም ከበለጸጉት ወደ ሌሎቹ አገሮች አደገኛ ቆሻሻ እንዳይላክ በ1995 ማሻሻያ ተወሰነ። ይሁንና ማሻሻያው የጸናው በዲሴምበር 2019፣ ከ24 ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለቆሻሻ ግን ስም የሚያወጣለት ነጋዴው ነው። የሄይቲው አመድ ማዳበሪያ ተብሎ ነበር። በ2006 ፕሮቦ ኮአላ በምትባል መርከብ የመጣው መርዛማ ቆሻሻ ደግሞ የመርከብ እጣቢ ተባለ፤ የመርከብ እጣቢን የሚገዛው ሌላ ሕግ ነውና። ከዚያም በኮት ዲቩዋር በአቢጃን ከተማ በየሥፍራው ተደፋ። ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ወደ ሐኪም ሮጠ፤ የሞቱም እንዳሉ የአገሩ መንግሥት አስታወቀ። የማይሠራ ኮምፒዩተርና ቴሌቪዥንም «ያገለገለ ዕቃ» ወይም «እርዳታ» ተብሎ ሊገባ ይችላል። በዚህም የተነሣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ፣ አደገኛ ሆነም አልሆነ፣ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር በስምምነቱ ተደንግጓል። ነገር ግን «ይሠራል» የተባለው ዕቃ በእርግጥ መሥራት አለመሥራቱን ሕጉ ራሱ ሰክቶ አያይም። ሰክቶ የሚያየው ሰው ነው።

አገራችን ኢትዮጵያ በ2000 የባዝል ስምምነት አባል ሆናለች፤ የባማኮውንም ተቀብላለች። ስምምነቱ የሚጠቅመው ቆሻሻ ሲመጣብን ብቻ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በየመጋዘኑ የተከማቸ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ መድኃኒት ነበረን። በአገር ውስጥ በደኅና የሚቃጠልበት ምድጃ ስላልነበረ፣ ከ2000 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት 1,500 ቶን ያህል ተሰብስቦ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተላከ። እዚህ ላይ ጠያቂዎቹ እኛ፣ ፈቃጆቹ እነሱ ነበሩ። ተጠይቆና ተፈቅዶ፣ በሰነድ የተጓዘ ቆሻሻ ማለት ይህ ነው።

እኛ እጩ መምህራን ነን እንጂ የጉምሩክ ሠራተኞች አይደለንም፤ ምን አገባን የሚል ይኖር ይሆናል። ያገባናል! የኮኮን ጉድ ያወጡት ወታደሮች አልነበሩም፤ ጋዜጣ የሚያነቡ ተማሪዎች ነበሩ። ነገ በየወረዳው ስንመደብ፣ ለትምህርት ቤታችን ተሰጠ የተባለ የኮምፒዩተር ሣጥን ሲመጣ ፈርመን ከመረከባችን በፊት ከፍተን እንይ፤ ሰክተን እንሞክር። በበርሜል ላይ ያለው የራስ ቅልና የሁለት አጥንት ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ፊደል ለማያውቀው ሕፃን ጭምር እናስተምር። የመርዝ በርሜል ቢታጠብም የውኃ መያዣ እንደማይሆን ለወላጆች እንንገር። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ሕጉ የሰጠን መብት የመጠየቅ መብት ነው። ጠያቂ ከሌለ ግን ማንም አይጠየቅም።

ከአዘጋጆቹ